በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር?

በራሳቸው እጅ መኪና የሠሩ ወጣቶች ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ከቁርጥራጭ ብረትና ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር የተገጣጠመ ተሽከርካሪ በግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ይዞራል፤ ባለሥልጣን እጅ ይጨብጣል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ከዚያ መኪናው መጋዘን ይገባል፣ ልጆቹም ተመርቀው ይበተናሉ። በጥረታቸው ላይ ማፌዝ አይገባም፤ ከባዶ ተነስቶ የሚንቀሳቀስ ነገር መሥራት ቀላል አይደለም። የሚያስገርመው በዚያ ሁሉ ሆታ መካከል ማንም የማያነሳው ጥያቄ ነው። ይህ መኪና በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ስንት ኪሎ ተሸክሞ? ዓምና ከተሠራው ይሻላል ወይስ ያንሳል? የምሟገተው ለዚህ ጥያቄ ነው። የተማሪ ፈጠራ ወደ ምህንድስና የሚሻገረው ውጤቱ ከሠሪው ሌላ በሆነ ሰው ሲለካና ቁጥሩ አደባባይ ላይ ሲለጠፍ ነው። ይህን ልማድ ለማስያዝ ደግሞ በጥቂት ነዳጅ ረጅም መንገድ እንደሚኬድበት የተማሪዎች ውድድር ያለ መንገድ አላውቅም።

ውድድሩ የተወለደው ከውርርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ዉድ ሪቨር በሚባል ስፍራ በሼል ኩባንያ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ባለሙያዎች በአንድ ጋሎን ማን ርቆ ይሄዳል ብለው ተወራረዱ። ያሸነፈው ሰው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ፤ ዛሬ ማንኛውም ደህና የቤት መኪና የሚሄደውን ያህል መሆኑ ነው። ነገሩ ከዓመት ዓመት እየተጋጋለ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1985 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፖል ሪካር የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ኢኮ ማራቶን በሚል ስም የተማሪዎች መድረክ ሆነ። በዚያ ዓመት አሸናፊው በሊትር 680 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ፓክ ካር 2 ያሏት በሃይድሮጂን የምትሠራ መኪና በፈረንሳይ ላዱ የሙከራ ሜዳ ላይ በአንድ ሊትር ቤንዚን ልክ ሲሰላ 5,385 ኪሎ ሜትር ሄደች። ይህ ከአዲስ አበባ ካይሮ ደርሶ ለመመለስ በቀጥታ መስመር ከሚበቃ በላይ ነው።

ቁጥሩ ተአምር ይመስላል፤ ስሌቱ ግን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ መኪናን ወደ ኋላ የሚስቡት የጎማው መታሸትና የአየሩ ግፊት ናቸው። የተለመደ የመኪና ጎማ ከተሸከመው ክብደት 1 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይስባል፤ ስለዚህ 1,300 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል 13 ኪሎ ያህል ጉተታ ይገጥመዋል ማለት ነው። ለዚህ ውድድር ተብሎ የሚሠራ ጎማ ግን ጉተታው ከ0.2 በመቶ በታች ይወርዳል። ሾፌሯን ጨምሮ 100 ኪሎ የምትመዝን የውድድር መኪና እንግዲህ የምትታገለው ከ150 ግራም ገደማ ጋር ነው፤ የአንድ ብርቱካን ክብደት። ቅርጿ እንደ ውሃ ጠብታ የተሳለ ከሆነ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የአየሩ ድርሻ ከዚህም ያነሰ ነው። ሁለቱ ተደምረው ለአንድ ኪሎ ሜትር 2,400 ጁል ገደማ ይበቃታል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል፤ ሞተሩ ሦስት አራተኛውን በሙቀት ቢያባክነው እንኳ 8 ሚሊዮኑ ይቀራል። 8 ሚሊዮንን ለ2,400 ማካፈል ነው፤ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል።

ይህን በወረቀት ላይ ማስላት አንድ ነገር ነው፤ ሠርቶ ማግኘት ሌላ። ቸርኬዎቹ በዓይን በማይታይ ልክ ቢዛነፉ ጎማው መንገዱን እየፋቀ ይሄዳል። የኩሽኔታው ግራሶ ቢወፍር፣ የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን በጥቂቱ ቢነካ፣ ሰንሰለቱ ቢጠብቅ፣ ያ የ150 ግራም ሂሳብ እጥፍ ይሆናል። ሞተሩም የራሱ አመል አለው። የቤንዚን ሞተር በደንብ የሚሠራው ሲጫን ነው፤ በግማሽ ልብ ሲነዳ ነዳጁን ያባክናል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ አስነስተው ፍጥነት ከያዙ በኋላ ያጠፉትና ይንሳፈፋሉ፤ ሲቀዛቀዝ እንደገና ያስነሳሉ። (ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው ለሚወርዱ የአገራችን ሾፌሮች ይህ ማስረጃ እንዳይመስላቸው። የቀላሏ የውድድር መኪና ፍሬን የሞተር እርዳታ አይፈልግም፤ የጭነት መኪና ግን ያለ ሞተር ፍሬኑም መሪውም ይከዳል።) መቼ ማስነሳት፣ መቼ ማጥፋት እንዳለበት የሚወስን ተማሪ መንገዱን፣ ነፋሱንና ሞተሩን አንድ ላይ ማሰብ ይማራል። ይህ በክፍል ውስጥ ተበታትኖ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መካኒኩ ለብቻ፣ ኤሌክትሪኩ ለብቻ፣ ስሌቱ ለብቻ። እዚህ ግን የአንዱ ጉድለት በቁጥሩ ላይ ይታያል።

ለውድድሩ ዋጋ የሚሰጠው በእኔ ግምት ከሩጫው ይልቅ ከሩጫው በፊትና በኋላ ያለው ነው። በፊት ፍተሻ አለ። መኪናዋ 20 በመቶ በሚያዘነብል መወጣጫ ላይ ቆማ ፍሬኗ ሊይዛት ይገባል። ሾፌሩ ራሱን ከመቀመጫው ፈትቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ሾፌሩ ከ50 ኪሎ ካነሰ ልዩነቱ በክብደት ይሞላበታል፤ ቀጭን ልጅ በማስቀመጥ ማሸነፍ አይቻልም። ይህን ፍተሻ ለማለፍ ሲፈቱና ሲገጥሙ የሚያድሩ ቡድኖች ብዙ ናቸው። በኋላ ደግሞ ልኬቱ ይመጣል። ነዳጁ ያለው በሚሊ ሊትር በሚለካ ትንሽ የመስታወት ጋን ውስጥ ነው። ቤንዚን ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ የተጠቀሙበት መጠን ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመልሶ ይሰላል። በባትሪ የሚወዳደሩት ላይ አዘጋጆቹ የሚያምኑት የኃይል ቆጣሪ ይገጠማል፤ ውጤቱም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ስለ ሥራው የሚናገረው ሁሉ በዚያ ጋንና በዚያ ቆጣሪ ፊት ይቆማል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ቡድን መሪ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የታዋቂ ሰው ጉብኝት፣ አንዳቸውም ግማሽ ኪሎ ሜትር አይጨምሩም።

ይህ የሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ነው የሚል ካለ ናንት የተባለችውን የፈረንሳይ ከተማ ይመልከት። በዚያ አካባቢ ላ ጆሊቭሪ የሚባል የሁለተኛ ደረጃና የቴክኒክ ትምህርት ቤት አለ። ማይክሮጁል የምትባለው መኪናቸው ለረጅም ዓመታት በውድድሩ ከአውሮፓ ታላላቅ የምህንድስና ተቋማት ፊት ስትቀድም ኖራለች፤ በተራ ቤንዚን በሊትር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። ትምህርት ቤቱ የተለየ ሀብት ኖሮት አይደለም። ተማሪዎቹ ይመረቃሉ፣ መኪናዋ ግን ትቀራለች፤ አዲሶቹ ከነጉድለቷና ከነመዝገቧ ይረከቧታል። ዙሪኮችም መኪናቸውን እንዴት እንደነደፉ፣ ምን እንደሞከሩና ምን እንዳልሠራላቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። እኛ ዘንድ የመመረቂያ ሥራ ጥሩ ነጥብ ካገኘ በኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ የሚቀጥለው ቡድን ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ የሚመለስና በቁጥር የሚዳኝ ውድድር ካለ ያለፈውን ዓመት መዝገብ የማያነብ ቡድን ይሸነፋል፤ ስለዚህ ያነባል። ይህን በመመሪያ ማዘዝ አይቻልም።

ሦስት ጎማ ያላት፣ ሾፌሯ ተጋድሞ የሚነዳት፣ ከብስክሌት ብዙም የማትፈጥን መኪና ለማን ትጠቅማለች የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ አልሸሸውም። ማንም ልጆቹን ጭኖ በእሷ ትምህርት ቤት አያደርስም። ፎልክስቫገን በተመሳሳይ ሐሳብ፣ በቀላል ቅርፊትና አየርን በሚሰነጥቅ ቅርጽ፣ ኤክስ ኤል 1 የተባለች ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሠርቶ ነበር። በፋብሪካው ቁጥር መሠረት ለ100 ኪሎ ሜትር 0.9 ሊትር ትጠቀም ነበር፤ ግን ዋጋዋ ከ100,000 ዩሮ በላይ ነበር፤ የተሠሩትም 250 ያህል ብቻ ናቸው። ከውድድሩ ሜዳ ወደ ማሳያ ክፍል የሚወስደው መንገድ ጠባብ መሆኑን ለማሳየት ይህ ይበቃል። አዘጋጆቹም የባለ ሦስት ጎማዋን ችግር አይተው አራት ጎማ፣ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የሻንጣ ቦታ ያላቸው መኪናዎች የሚወዳደሩበት ሌላ ምድብ ከፍተዋል፤ በዚህ ምድብ መኪናው በየዙሩ መቆምና እንደገና መነሳት አለበት፤ ከተማ ውስጥ ነዳጅ የሚበላውም ይኸው ነው። የሆነ ሆኖ የምሟገተው ለመኪናዋ ስላልሆነ ተቃውሞው ክርክሬን አያፈርሰውም። ከሜዳው የሚወጣው ምርት 150 ግራም ጉተታ የት እንደተደበቀ ማወቅ የቻለ ሰው ነው። ይህ ሰው ነገ የውሃ ፓምፕ ፊት ቢቆም፣ ወፍጮ ቤት ቢገባ፣ የአውቶቡስ ድርጅት ቢቀጠር፣ ጉልበቱ የት ይባክናል የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከስፖንሰሩ ከሼል ይነሳል። ነዳጅ የሚሸጥ ኩባንያ ነዳጅ ቆጣቢ ልጆችን ሲሸልም ስሙን እያጠበ ነው ይባላል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የሄግ ፍርድ ቤት ሼል የሚያስከትለውን የካርቦን ልቀት በ2030 በ45 በመቶ እንዲቀንስ ፈርዶበት ነበር፤ ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በ2024 ውሳኔውን አሽሯል። እኛ አገር ያሉትን ማደያዎቹን ለአንድ የሊቢያ ኩባንያ ሸጦ ከወጣም ቆይቷል፤ ስለዚህ ውለታ የለብንም፣ ቅያሜም የለብንም። የፊዚክሱ ሕግ የስፖንሰር አርማ አይለይም። የአገር ውስጥ ውድድር ለማዘጋጀትም የሼልን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የልኬት ሐሳብ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከዚህ የረቀቀው ተቃውሞ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ያነሳው ነው። ሞተር ቆጣቢ ሲሆን ሥራው ይረክሳል፣ ሥራው ሲረክስ ሰው አብዝቶ ይጠቀማል፣ በመጨረሻ የሚቃጠለው ከሰል ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለእንግሊዝ ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር። ለገበሬው ሽንኩርት ማውጫ፣ ለነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ መድረሻ ለቸገራት አገር ግን መጓጓዣ ረክሶ ሰው አብዝቶ ቢጓዝ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? ነዳጁ ያንኑ ያህል ቢቃጠል እንኳ ብዙ ሰውና ብዙ ዕቃ ደርሶበታል። የጄቮንስ ሥጋት እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ምርቃት ይጠጋል።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንባቢ የሚያነሳው ትልቁ ጥያቄ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ታዲያ ሊትር መቁጠር ለምን? አንደኛ፣ በመንገዱ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች በአንድ ጀምበር አይጠፉም። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ደግሞ ዋጋው ወደ ተሳፋሪው ኪስ ወርዷል። ቤንዚን በሃይላንድ ከጥቁር ገበያ ለሚገዛ የባጃጅ ሾፌር የሊትር ጥያቄ የዕለት እንጀራው ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት፣ ኤሌክትሪክ ሲመጣ የመለካት አስፈላጊነት የሚጨምር መሆኑ ነው። ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ይሄዳሉ ተብሎ የሚጻፍላቸው ቁጥር የሚገኘው በዚያው አገር የፍተሻ ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ከአውሮፓውና ከአሜሪካው ይልቅ ለጋስ እንደሆነ የታወቀ ነው። ገዢው በብዙ ሚሊዮን ብር የሚገዛውን መኪና ርቀት በአገሩ ዳገት ላይ ለክቶ የሚነግረው ከሌለ የሻጩን ወረቀት ከማመን በቀር ምርጫ የለውም።

ዳገቱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእኛ ውድድር ከፈረንሳዩ የሚለይበትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ባጃጅ ከሾፌሩና ከሦስት ተሳፋሪ ጋር 600 ኪሎ ገደማ ይመዝናል እንበል። ደሴ ወይም ጎንደር ውስጥ በ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 200 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ዳገቱ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ጁል ያህል ይወስድበታል፤ በዚያው መንገድ ጎማው የሚበላው ከዚህ ከግማሽ በታች ነው። ደልዳላ ሜዳ ላይ ተወዳድሮ ያሸነፈ ንድፍ እዚህ ላይሆን ይችላል። ቁልቁል ሲወርድ ያንን ጉልበት ወደ ባትሪ የሚመልስ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ደግሞ በደልዳላ አገር የማይታይ ጥቅም እዚህ ያገኛል። ስንት በመቶውን ይመልሳል? ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ቢጀምር የሚመለሰው የት ይገባል? ሞተሩ ረጅም ዳገት ላይ ምን ያህል ይግላል? ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ አያጣም። ይህ ልዩነት በብር ሲመነዘር ስንት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በዙሪክም በናንትም አልተመለሱም፤ የሚመለሱት ችግሩ ባለበት አገር ነው። ስለዚህ በሃይድሮጂን የምትሠራ የካርቦን ፋይበር መኪና ይሠራ አልልም። የአገሪቱ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንድ ዓይነት አሮጌ ባጃጅ ይሰጣቸው፤ ሞተሩን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይሩ ወይም የቤንዚኑን ያሻሽሉ፤ አራት ሰው የሚያህል ክብደት ጭነው አንዱን ዙር በባሕር ዳር ደልዳላ መንገድ፣ ሌላውን በደሴ ዳገት ይሂዱ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አሮጌ ባጃጅ በየጋራዡ አለ፤ ቆጣሪውም የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ለኤግዚቢሽን ድንኳንና ለባነር ከሚወጣው አይበልጥም። ከባዱ ጥያቄ ዳኛው ማን ነው የሚለው ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውድድሩን አዘጋጅቶ፣ በራሱ መሣሪያ ለክቶ፣ የራሱን ተማሪዎች አሸናፊ ካደረገ ሁሉም ነገር ወደ ጭብጨባው ይመለሳል። የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ሥራው የመለኪያ መሣሪያዎችን ትክክለኛነት ማረጋገጥ ስለሆነ ቆጣሪዎቹን እሱ ፈትሾ ያሽጋቸው፤ ከውድድሩ በኋላም እሱ ይክፈታቸው። ውጤቱ በዚያው ዕለት ማታ ይለጠፍ፤ በፍተሻ የወደቀው ባጃጅ ለምን እንደወደቀ፣ ዳገቱ መሀል ባትሪው ያለቀበት የት ላይ እንዳለቀበት አብሮ ይጻፍ። የአሸናፊው ንድፍም ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ለተሸናፊዎቹ ሁሉ ይከፈት።